የህዋስ ትንፈሳ ምንድን ነው?

የበላነው እንጀራ ጉልበት የሚሆነን ሳንባ ውስጥ አይደለም። ሳንባ ኦክስጅን ለደም ያስረክባል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስወጣል፤ በቃ። ዋናው ሥራ ያለው እያንዳንዱ ህዋስ ውስጥ ነው። ህዋሱ ከምግብ ያገኘውን ግሉኮስ የሚባል ስኳር እየሰባበረ ጉልበቱን ያወጣል። የህዋስ ትንፈሳ የሚባለው ይሄ ነው።

ሥራው ደረጃ በደረጃ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ስኳር እሳት ላይ ቢጣል ጉልበቱ ባንዴ ሙቀት ሆኖ ያልቃል። ህዋስ ግን በትንሽ በትንሹ እያወጣ ኤቲፒ በሚባል ሞለኪውል ይይዘዋል። ጡንቻ የሚኮማተረው በዚህ ነው። ያመለጠው ሙቀት ይሆናል፤ በጎንደር የጠዋት ብርድ ገላችን የሚሞቀው በእሱ ነው።

መጀመሪያ አንድ ግሉኮስ ለሁለት ይከፈላል። ትርፉ 2 ኤቲፒ ብቻ ነው፤ ኦክስጅንም አያስፈልገውም። አፉ የታሸገ የጠላ ጋን አጠገብ ጆሮ ጠጋ ቢደረግ ድፍድፉ ሲንተከተክ ይሰማል። ኦክስጅን ያጣው እርሾ በዚችው 2 ኤቲፒ እየኖረ ነው፤ ስኳሩን አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርገዋል። አረፋው ያ ጋዝ ነው። በጎንደር ከፒያሳ ወደ ጎሃ ዳገቱን በሩጫ የሚወጣ ሰው ጡንቻም ኦክስጅን አልበቃ ሲለው ወደዚሁ መንገድ ያዘነብላል። የእሱ ውጤት ግን ላክቲክ አሲድ ነው። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ሳሳ ያለ ነው።

ኦክስጅን ሲኖር ሥራው ህዋሱ ውስጥ ወዳለው ጉልበት ማምረቻ ክፍል፣ ወደ ማይቶኮንድሪያ ይገባል። እዚያ የግሉኮሱ ስባሪ ሳይንቲስቱ ሃንስ ክሬብስ በ1937 እ.ኤ.አ. ያስረዳውን ዑደት ያልፋል፤ ካርቦኑም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል። አሁን በአፍንጫችን የወጣው ካርቦን ትናንት እንጀራ ውስጥ የነበረ ሊሆን ይችላል! ከዚያ ከስባሪው የተወሰዱት ኤሌክትሮኖች በማይቶኮንድሪያው ውስጠኛ ሽፋን ላይ ከፕሮቲን ወደ ፕሮቲን ይቀባበላሉ። በዚህ ጉልበት ፕሮቶኖች (የሃይድሮጅን ቅንጣቶች) ከሽፋኑ ማዶ ይገፋሉ። ተመልሰው የሚገቡት ኢንዛይም በሚባል አንድ ሠራተኛ ፕሮቲን በኩል ነው፤ ውኃ ወፍጮን እንደሚያዞር ያሽከረክሩታል፣ እሱም እየዞረ ኤቲፒ ይሠራል። ሳይንቲስቱ ፒተር ሚቼል የፕሮቶኑን ነገር በ1961 እ.ኤ.አ. ሲያቀርብ ብዙዎች አልተቀበሉትም። በ1978 እ.ኤ.አ. ግን ኖቤል ተሸለመበት።

ኦክስጅንስ የት አለ? መጨረሻው ላይ። ኤሌክትሮኖቹን ተቀብሎ ከሃይድሮጅን ጋር ውኃ ይሆናል። ተቀባዩ ከጠፋ ቅብብሉ በሙሉ ይቆማል። እስከዚህ ሲደርስ ከአንድ ግሉኮስ የሚገኘው ኤቲፒ 30 ገደማ ነው።

እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ቀይ የደም ህዋስ ነው። ማይቶኮንድሪያ የለውም። ኦክስጅኑን ለሌሎች እያደረሰ ራሱ በ2 ኤቲፒ ያድራል።