የማኅበረሰብ በጎ አድራጎት ምንድን ነው? የጃክሰን ሆል ቢሊየነሮች ጉዳይ

ሰሞኑን እንደገና ሰማሁት። አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ አሜሪካ የበረዶ መንሸራተቻ ከተሞች እያወራ ነበር። «ጃክሰን ሆልን ተመልከቱ፤ ቢሊየነሮቹ ላገሬው ሰው ይሰጣሉ። የማኅበረሰብ በጎ አድራጎት ማለት እንዲህ ነው። የእኛም ሀብታሞች እንዲህ ቢሆኑ የት በደረስን!» አለ። ይህን አባባል በተለያየ ሰው አፍ ብዙ ጊዜ ሰምቼ አልፌዋለሁ። ዛሬ ግን ማለፍ አልቻልኩም። ሥራዬ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን ሒሳብ መመርመር ነው። መዝገቡን ለሚያገላብጥ ሰው ይህ አባባል ነገሩን ገልብጦ ነው የሚያስቀምጠው።

ሀብታም ሰው ሲሰጥ በጎ አድራጎት ነው፤ መልካም ነው፤ ይመስገን። የማኅበረሰብ የሚሆነው ግን ገንዘቡ የጋራ ቋት ውስጥ ሲገባና ስለ ቋቱ የሚወስኑት እዚያው የሚኖሩት ሰዎች ሲሆኑ ነው። የሰጪው ኪስ ጥልቀት እዚህ ውስጥ የለበትም። ጥያቄው ከሰጠ በኋላ ውሳኔውን ማን ይዞታል የሚለው ነው።

የሚገርመው፣ ልዩነቱን ከማንም በላይ የሚያሳየው ያው ጃክሰን ሆል ራሱ ነው። ቦታው ዋዮሚንግ ግዛት፣ ቲተን ካውንቲ (ካውንቲ ከግዛት በታች ያለ አስተዳደር ነው) ውስጥ፣ በቲተን ተራሮች ግርጌ ያለ ሸለቆ ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻ የነዳጅ ቱጃሩ ልጅ፣ የኒው ዮርኩ ባለጸጋ ትንሹ ጆን ዲ. ሮክፌለር ይህን ሸለቆ ከግንባታ ማዳን ፈለገ። ስሜ ከታወቀ ዋጋው ይንራል ብሎ «ስኔክ ሪቨር ላንድ ካምፓኒ» በተባለ ድርጅት ስም ከከብት አርቢዎቹ መሬት ገዛ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በ1930 ገዢው ማን እንደሆነ ሲታወቅ አካባቢው በቁጣ ነደደ። በ1943 ፕሬዝዳንት ሩዝቬልት ቦታውን ብሔራዊ ቅርስ ብለው ሲያውጁ፣ አርቢዎቹ ያለ ፈቃድ ከብቶቻቸውን በክልሉ አቋርጠው እየነዱ ተቃወሙ። ሮክፌለር በ1949 ከ12,000 ሄክታር በላይ መሬት ለመንግሥት ሰጠ። በ1950 ደግሞ ዛሬ የምናውቀው ሰፊው ግራንድ ቲተን ብሔራዊ ፓርክ ሆነ።

ይህ ስጦታ ታላቅ ነው። ዛሬ ያን ሸለቆ የሚያይ ሰው ሁሉ ያመሰግነዋል፤ እኔም አመሰግነዋለሁ። የማኅበረሰብ በጎ አድራጎት ግን አይደለም። ያገሬውን ሰው ማንም አልጠየቀውም። ውሳኔው ኒው ዮርክ ተወስኖ ሸለቆው ውስጥ ተፈጸመ። ውጤቱ ስላማረ ብቻ ስሙን መቀየር አንችልም።

አሁን ወደ 1997 እንምጣ። ማንነታቸውን መግለጽ ያልፈለጉ ባልና ሚስት፣ እስካሁንም «ሚስተር እና ሚሲስ ኦልድ ቢል» ተብለው የሚጠሩ፣ ለጃክሰን ሆል ማኅበረሰብ ፋውንዴሽን፣ ማለትም የብዙ ሰጪዎችን ገንዘብ ይዞ ለአካባቢው ድርጅቶች ለሚያከፋፍለው ተቋም፣ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ሕዝቡ ለሚወደው የአካባቢው ድርጅት ይስጥ፤ እኛ ደግሞ በዚያ ላይ እንጨምር አሉ። በየዓመቱ መስከረም አካባቢ የሚካሄደው «ኦልድ ቢልስ ፈን ረን» የተባለው ሩጫ እንዲህ ተጀመረ። ሌሎች ሀብታሞችም ወደ ማጣመሪያው ቋት፣ ማለትም በሕዝቡ ስጦታ ላይ የሚጨመረው ገንዘብ ወደሚጠራቀምበት፣ መጨመር ጀመሩ። እስካሁን በዚህ መንገድ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰብስቧል። በ2020 ቆጠራ የካውንቲው ሕዝብ ከ23,000 ብዙም አይበልጥም ነበር።

አስተያየት ሰጪው የሚያየው 200 ሚሊዮኑን ነው። እኔን የሚማርከኝ ስሌቱ ነው። ብዙ ሰው «አንድ ዶላር ስትሰጥ ሀብታሙ አንድ ዶላር ይጨምራል» ይላል። እንደዚያ አይደለም የሚሠራው። የማጣመሪያው ቋት መጠን የታወቀ ነው። ሕዝቡ የሰጠው ሁሉ ተደምሮ ሲያልቅ፣ ቋቱ ለዚያ ድምር ይካፈላል። ለምሳሌ ያህል ቋቱ ውስጥ አንድ ሚሊዮን ቢኖርና ለማጣመር ብቁ የሆነው ስጦታ ሁለት ሚሊዮን ቢሆን፣ እያንዳንዱ ዶላር 50 ሳንቲም ያገኛል ማለት ነው። በዚያ ላይ ለአንድ ድርጅት ከሚገባው ገንዘብ የሚጣመረው እስከ አንድ ጣሪያ ድረስ ያለው ብቻ ነው። አንድ ባለጸጋ ለሚወደው ሙዚየም ሚሊዮን ዶላር ቢያፈስ እንኳ ከቋቱ ሚሊዮኑን ያህል አይጎትትም። ለስደተኞች ልጆች የሚያስጠና ትንሽ ድርጅት ግን ሃያ ሃያ ዶላር ከብዙ ሰው ቢለቅም፣ የለቀመው ሁሉ ሊጣመርለት ይችላል።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልብ በሉ። ወደ ቋቱ ሚሊዮን ያስገባው ሰው ያ ሚሊዮን የት እንደሚሄድ አይመርጥም። የሚመርጡለት ሃያ ዶላር የሰጡት ናቸው። ሆቴል የምታጸዳዋ፣ የበረዶ ተንሸራታቾችን ወደ ተራራው የሚያወጣው ተንጠልጣይ ወንበር ላይ የሚሠራው፣ የትምህርት ቤት ሾፌሩ። ሀብታሙ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ምርጫውንም አስረከበ። ሩጫውን የማኅበረሰብ ያደረገው ይህ ርክክብ ነው፤ የቢሊየነሮቹ ብዛት አይደለም።

እድር ያለበት ሰፈር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። እድርተኛው ሁሉ በወር እኩል ያዋጣል። ዳኛው፣ ጸሐፊውና ገንዘብ ያዡ የሚመረጡት ከሰፈሩ ነው። አንድ ነጋዴ «ለእድሩ ድንኳን እገዛለሁ» ቢል ይጨበጨብለታል። ድንኳኑ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የእድሩ ነው። ለማን ለቅሶ እንደሚተከል ነጋዴው አይወስንም፤ ደንቡ ይወስናል። የተጣላው ጎረቤቱ ቤት ለቅሶ ቢደርስም ያው ድንኳን ይተከላል። ኦልድ ቢልስ ደግሞ ነጋዴው «እናንተ ባዋጣችሁት ላይ እጨምራለሁ፤ የት እንደሚውል እናንተ ታውቃላችሁ» እንዳለ ቁጠሩት። «የእኛም ሀብታሞች» ለሚለው ሰው መልሴ ከዚህ የተለየ አይደለም። ቢሊየነር ሳይኖር የጋራ ቋትና የጋራ ደንብ የያዘ ሕዝብ ነን። የጎደለን የሰጪ ሀብት ነው ብሎ መነሳት ነገሩን ከመሠረቱ መሳት ነው።

ምሳሌው ግን ሁሉን አይሸፍንም። እድርተኛ መብት አለው፤ ወርሃዊውን ከከፈለ ይቀበላል። ከማኅበረሰብ ፋውንዴሽን የሚረዳ ሰው ግን የመጠየቅ እንጂ የመቀበል መብት የለውም። እድር ደግሞ የገባውን ያወጣል። ፋውንዴሽኑ ግን ከገንዘቡ ከፊሉን ዋናውን ሳይነካ ኢንቨስት አድርጎ ትርፉን ብቻ ለዓመታት ሊሰጥ ይችላል።

እዚህ ላይ ከሙያዬ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አንድ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን «ይህን ያህል መቶ ሚሊዮን ዶላር አለን» ሲል ቁጥሩን ብቻ አትመልከቱ። አሜሪካ ውስጥ ከዚህ ገንዘብ ትልቁ ክፍል ብዙ ጊዜ ያለው ለጋሹ ራሱ በሚያማክርባቸው ሂሳቦች ውስጥ ነው። ሰውየው ገንዘቡን ዛሬ አስገብቶ የግብር ቅናሹን ዛሬ ይወስዳል። ለማን ይሰጥ የሚለውን ግን ሲመቸው እያማከረ ይቆያል። በሕግ ገንዘቡ የፋውንዴሽኑ ነው፤ በተግባር ግን ምክሩ ውድቅ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። የግል ፋውንዴሽን፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሀብታም ወይም ቤተሰብ የሚያቋቁመው፣ በየዓመቱ ከሀብቱ አምስት በመቶ ያህል እንዲያወጣ የፌዴራል ሕግ ያስገድደዋል። በእነዚህ ሂሳቦች ላይ ግን እንዲህ ያለ ግዴታ የለም። ነጋዴው ድንኳኑን እድሩ መጋዘን አስቀምጦ ቁልፉን ኪሱ እንደያዘ ነው። ስለዚህ እኔ መዝገብ ስከፍት መጀመሪያ የማየው፣ ከጠቅላላው ውስጥ ቦርዱ በራሱ የሚወስንበት ገንዘብ ስንት ነው የሚለውን ነው።

ስለ 200 ሚሊዮኑም አንድ ነገር ልበል። ድምሩ የሕዝቡንም የቋቱንም ገንዘብ ይዟል። ሁሉም ደግሞ አዲስ ገንዘብ ነው ማለት አይቻልም። ማጣመሪያ ሲኖር ሰው በሌላ ወር ሊሰጥ ያሰበውን ወደዚያ ሳምንት ያመጣዋል። ይህ ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ከሌላ ከተማ ጋር ስናወዳድር ልንረሳው አይገባም።

የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን አሠራር ከየት መጣ? በ1914 ክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ውስጥ ፍሬድሪክ ጎፍ የሚባል ጠበቃና የባንክ ኃላፊ የመጀመሪያውን የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን አቋቋመ። ያስጨነቀው የሀብታሞች ኑዛዜ ነበር። አንድ ሰው «ገንዘቤ ለዚህ ብቻ ይዋል» ብሎ ይሞታል። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ያ ችግር የለም፤ ገንዘቡ ግን ታስሮ ይቀራል። ጎፍ ያመጣው መፍትሔ የከተማው ሰዎች ላሉበት ኮሚቴ፣ ዓላማው ጊዜ ያለፈበትን ገንዘብ ወደ ዛሬ ችግር እንዲያዞር ሥልጣን መስጠት ነበር። ዛሬም አሜሪካ ውስጥ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ከሌላው የሚለይበት አንዱ ሕጋዊ ባሕርይ ይህ ሥልጣን ነው። የሐሳቡ መነሻ የሞተ ሀብታም ሕያዋንን እንዳያዝ ማድረግ ነበር። ይህን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ነገሩን ከሀብታም ልግስና ጋር አያምታታውም።

የግብሩን ነገር ካነሳሁ አይቀር፣ ሃያ ዶላር የሰጠችው የሆቴል ሠራተኛ ለብዙ ዓመታት ከግብር የምታገኘው ጥቅም አልነበረም ማለት ይቻላል። ከ2018 ጀምሮ መደበኛው ተቀናሽ፣ ማለትም ግብር ከፋዩ ወጪውን ሳይዘረዝር ግብር ከሚከፈልበት ገቢው የሚቀነስለት የተወሰነ ገንዘብ፣ ወደ እጥፍ ገደማ ስላደገ፣ ብዙ ሰው ስጦታውን ለይቶ መዘርዘሩ አያዋጣውም። ዋጋው የናረ አክሲዮን የሚሰጠው ባለጸጋ ግን የስጦታውን ተቀናሽ ያገኛል፤ በትርፉ ላይ ይከፍል የነበረው ግብርም ይቀርለታል። ከ2026 ጀምሮ ለማይዘረዝሩትም በጥሬ ገንዘብ ለሰጡት ያላገባ ሰው እስከ 1,000፣ በጋራ የሚያስታውቁ ባለትዳሮች እስከ 2,000 ዶላር ተፈቅዷል። ለጋሽ በሚያማክርባቸው ሂሳቦች ውስጥ የሚገባው ግን አይቆጠርም። ትክክለኛ ሕግ ይመስለኛል።

አስተያየት ሰጪው ጨርሶ ያላነሳው ነገር ደግሞ ማኅበረሰቡ ማን ነው የሚለው ነው። እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ከቲተን ካውንቲ መሬት 97 በመቶ ያህሉ የመንግሥት ነው። ቤት የሚሠራበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል፤ ያለውን ሀብታም ይገዛዋል። ዋዮሚንግ የግዛት የገቢ ግብር ስለሌላት ባለጸጎች ነዋሪነታቸውን እዚያ ማድረጉን ይወዱታል። ኢኮኖሚክ ፖሊሲ ኢንስቲትዩት የተባለ የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ2018 ባወጣው ጥናት፣ ካውንቲው በገቢ ልዩነት ስፋት ከአሜሪካ ካውንቲዎች ሁሉ አንደኛ ነበር። ስለዚህ ምግብ የሚያበስለው፣ አልጋ የሚያነጥፈው፣ በረዶ የሚጠርገው ሰው ብዙ ጊዜ የሚኖረው ከተራራው ማዶ፣ አይዳሆ ግዛት ውስጥ ነው። በየቀኑ ቲተን ፓስ የተባለውን ከፍተኛ መንገድ ይሻገራል።

ጁን 8 ቀን 2024 የዚያ መንገድ አንድ ክፍል ተደርምሶ ወረደ። ጊዜያዊ መንገድ ተሠርቶ ጁን 28 እስኪከፈት ድረስ ሠራተኞቹ በዙሪያ ጥምጥም ሰዓታት እየነዱ ይመላለሱ ነበር። ሸለቆው በእነማን ጉልበት እንደሚንቀሳቀስ ያን ጊዜ ያላየ ሰው የለም።

ኦልድ ቢልስ የተዘጋጀው ግን ለዋዮሚንጉ ቲተን ካውንቲ ለሚሠሩ ድርጅቶች ነው። ከማዶ፣ ድሪግስ በምትባለው ከተማ፣ ሌላ የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን አለ። ከ2008 ጀምሮ «ቲን ካፕ ቻሌንጅ» የሚባል የራሱ የማጣመሪያ ውድድር አለው። አሠራሩ ከኦልድ ቢልስ ጋር ይመሳሰላል፤ የሰጪዎቹ አቅም ግን አይመሳሰልም። ሠራተኛዋ ቀን የምትሠራበት ሸለቆ ትልቅ ቋት አለው። ማታ ልጆቿን የምታሳድግበት ሸለቆ ቋቱ ትንሽ ነው። የሚለያያቸው የግዛት ወሰን ብቻ ነው።

ሕጉ ይህን አያስገድድም። የዋዮሚንግ ፋውንዴሽን ለአይዳሆ ሕፃናት መዋያ ገንዘብ ቢሰጥ የሚከለክለው የፌዴራል ሕግ የለም። ሁለቱ ፋውንዴሽኖች ተራራውን ለሚሻገሩ ቤተሰቦች አንድ የጋራ ሂሳብ ቢከፍቱ፣ ለእኔ ቢጤ ኦዲተር ሁለት ተጨማሪ ገጽ ነው። በሚወስነው ኮሚቴ ውስጥ ግን በየማለዳው መንገዱን የሚሻገሩ ሰዎች መቀመጥ አለባቸው።