ከሳሎን እስከ አዳራሽ፡ የባፕቲስት አጥቢያዎች በአዲስ አበባ ዳርቻ

እሁድ ጠዋት በኮዬ ፈጬ፣ በቱሉ ዲምቱ፣ በቦሌ አራብሳ ወይ በለገጣፎ በኩል ያለፈ ሰው ቆርቆሮ አዳራሽ ውስጥ ወይ ኮንዶሚኒየም ስር በተከራየች የንግድ ቤት ውስጥ መዝሙር ሳይሰማ አይቀርም። ከነዚህ ኅብረቶች ጥቂቶቹ ባፕቲስት ናቸው፣ ሰፈሩ ግን ሁሉንም አንድ ላይ ጴንጤ ብሎ ስለሚያልፍ ታሪካቸው ተለይቶ አይወራም፣ እኔ ደግሞ ሊወራ ይገባዋል ባይ ነኝ።

ባፕቲስቶች መነሻቸው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1609 አምስተርዳም ተሰደው የነበሩ እንግሊዛውያን ናቸው። እስከዛሬ የሚታወቁበት ነገር ሁለት ነው፣ አንደኛ ጥምቀት አምኖ ለመሰከረ ሰው ነው እንጂ ለሕፃን አይደለም (ሕፃን ሲወለድ ወላጆቹ ይዘውት ወደፊት ይወጡና ይጸለይለታል)፣ ሁለተኛ ደግሞ አጥቢያው ራሱን ያስተዳድራል፣ ፓስተር የሚቀጠረውም በጀት የሚጸድቀውም በአባላት ጉባኤ ነው። በጥምቀት ጉዳይ ሌሎቹ የወንጌላውያን ቤተክርስቲያኖች፣ ቃለ ሕይወትም መሠረተ ክርስቶስም ሙሉ ወንጌልም፣ ተመሳሳይ አቋም ስላላቸው ሰው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ ብዙ አይከብደውም።

እዚህ አገር ነገሩ እንዴት እንደሄደ ለመረዳት የ1936ቱን የንጉሡን ድንጋጌ ማወቅ ያስፈልጋል። ድንጋጌው አገሩን ለሚሲዮን ክፍት የሆነና የኢትዮጵያ ቤተክርስቲያን ቦታ ብሎ ለሁለት ከፈለው፣ በሁለተኛው ውስጥ ሚሲዮን ሆስፒታልና ትምህርት ቤት መስራት ይችላል፣ የራሱን እምነት ማስተማር ግን አይፈቀድለትም፣ አዲስ አበባ ደሞ ክፍት ነበረች። የአሜሪካ ሳውዘርን ባፕቲስት ሚሲዮናውያን በ1960ዎቹ (በፈረንጅ) የቤተክርስቲያን ቦታ ወደሆነው መንዝ (ሰሜን ሸዋ) ሲገቡ ስራቸው በብዛት በልማቱ በኩል የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ዛሬ የኢትዮጵያ አዲስ ኪዳን ባፕቲስት ቤተክርስቲያን የሚባለው ኅብረት የዓለም ባፕቲስት ኅብረት አባል ነው።

ከዛ ደርግ መጣ። የወንጌላውያን አዳራሾች በየቦታው ተዘጉ፣ ንብረት ተወረሰ፣ አገልጋዮች ታሰሩ። በደንብ የተመዘገበው የመሠረተ ክርስቶስ ታሪክ ነው፣ በ1974 ስትዘጋ አባላቷ 5 ሺህ ገደማ ነበሩ፣ በ1983 ስትከፈት ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ወጡ፣ ያ ሁሉ ሰው ሳሎን ለሳሎን በአምስት በስድስት እየሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲጸልይ ነው የከረመው። የቤት ኅብረት የሚባለው ልማድ ስር የሰደደው በዛ ዘመን ነው፣ ዛሬም ከተማዋ ዳር አዲስ አጥቢያ የሚጀምረው በዚሁ መንገድ ነው።

ከ1983 በኋላ በግልጽ ማምለክ ተቻለ፣ የ1987 ሕገ መንግሥትም አንቀጽ 27 ላይ የሃይማኖት ነፃነትን አስቀመጠ። በ1999 ቆጠራ በአዲስ አበባ ፕሮቴስታንት ነኝ ያለው 7.8 በመቶ ነበር። ከዛ ወዲህ መሀል ከተማው ሲፈርስና ኮንዶሚኒየም ወደ ዳር ሲሰራ ምእመኑም አብሮ ወጣ፣ ፒያሳና ካሳንቺስ ያደገ ሰው ራሱን ኮዬ ፈጬ አገኘው፣ ወደ ድሮ አጥቢያው በሁለት በሶስት ታክሲ መመላለስ ደግሞ ልጅ ላለው ሰው አይቻልም። ስለዚህ ጎረቤት ያሉት ይፈላለጋሉ፣ ረቡዕ ማታ አንዱ ቤት ይጀመራል፣ ሳሎኑ ሲጠብ የንግድ ቤት ይከራያሉ፣ እናት ቤተክርስቲያን ወንጌላዊ ትመድባለች፣ ሰዉም ከበፊት አጥቢያው መሸኛ ደብዳቤ እያመጣ በአባልነት ይመዘገባል።

በጣም ከባዱ ነገር ቦታ ነው። ካርታ ያለው መሬት ማግኘት ዓመታት ይፈጃል፣ ገበሬ ላይ ተገዝቶ ያለ ካርታ የተሰራ አዳራሽ ደግሞ ማስተር ፕላን ሲመጣ ሊፈርስ ይችላል፣ ኪራይ ቤት ውስጥ ከሆኑ ጎረቤት በሳውንዱ ይማረራል (እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ ጎረቤት ትክክል ነው፣ ስፒከሩ መቀነስ አለበት)። ቦታው ሲገኝ አባላት ቃል ይገባሉ፣ አንዱ አስር ኩንታል ስሚንቶ፣ አንዷ የጆሮ ጌጧን፣ ተማሪው የአንድ ብሎኬት ዋጋ። መጀመሪያ የሚቆመው ባህር ዛፍና ቆርቆሮ ነው፣ ክረምት ላይ ዝናቡ ጣሪያውን ሲመታው ስብከት ስለማይሰማ ሰባኪው ያቆምና ጉባኤው ይዘምራል።

ጥምቀቱ በቅድሚያ ትምህርት አለው፣ ሳምንታት የሚወስድ፣ ከዛ ሽማግሌዎች ተጠማቂውን አነጋግረው ያረጋግጣሉ። አዳራሹ ገንዳ ከሌለው አባላት በመኪና ተሰብስበው ወደ ቢሾፍቱ ሐይቆች ይወርዳሉ ወይ ገንዳ ያለው ሌላ አጥቢያ ይጠይቃሉ። ገንዳ ያላቸው ደሞ ውሃ በፈረቃ ስለሆነ ከዋዜማው ጀምረው በሮቶ ያጠራቅማሉ፣ ጠዋት ውሃው በረዶ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰው ተጠማቂ ይገባል፣ ፓስተሩ ኢየሱስን ጌታህና አዳኝህ አድርገህ ተቀብለሃል ወይ ይለዋል፣ አዎ ሲል አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ ያጠልቀዋል፣ ሲወጣ እልልታ ነው፣ እናቶች ጋቢ ይዘው ገንዳው አፍ ላይ ይጠብቁታል።

ሌላው ቋንቋ ነው። ዳሩ ከኦሮሚያ ጋር የሚዋሰን፣ ከፊሉም እዛው ኦሮሚያ ውስጥ ያለ ስለሆነ ከነባሩ ነዋሪ ብዙው በአፋን ኦሮሞ ነው የሚጸልየው፣ ከመሀል ከተማ የመጣው ደግሞ አማርኛ ብቻ የሚችል ይበዛል። አንዳንዱ አጥቢያ ሁለት ፕሮግራም አለው፣ ጠዋት በአፋን ኦሮሞ ቀጥሎ በአማርኛ፣ አንዳንዱ አስተርጓሚ ያቆማል፣ የጌታ እራት ቀን ግን ሁለቱም ጉባኤ አንድ ላይ እንዲቀመጥ የሚያደርጉ አሉ፣ ሰዓቱ ይረዝማል፣ ወጣቶቹ ትርፍ ወንበር ከንግድ ቤቶቹ እየተሸከሙ ያመጣሉ።