የ72 ሰዓቱ ደንብ ሲታለፍ ሕግ ተጣሰ ማለት ነው?

በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አንድ ረቂቅ ሕግ ድምፅ ከመሰጠቱ 72 ሰዓት በፊት ይፋ መሆን አለበት የሚለው ድንጋጌ ብዙዎችን ግራ ስለሚያጋባ፣ ድንጋጌው ሕግ ሳይሆን የምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ መሆኑን በማስረዳት ልጀምር። ሕገ መንግሥቱ እያንዳንዱ ምክር ቤት የራሱን ደንብ እንዲያወጣ ስለሚፈቅድ፣ ደንቡን ያወጣው ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ለአንድ ረቂቅ ብቻ ሊያነሣው ይችላል። የሚያነሣውም ረቂቁን ለማሳለፍ የቸኮለው ወገን ራሱ ነው፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 21 ቀን 2020 ከሰዓት በኋላ ይፋ የሆነውን፣ 5,593 ገጽ ያለውን የበጀትና የኮሮና ድጋፍ ረቂቅ ሁለቱም ምክር ቤቶች በዚያው ዕለት አጽድቀውታል። አንዱን ገጽ በአንድ ደቂቃ የሚያነብ ሰው እንኳ ያለ ዕረፍት 93 ሰዓት ያስፈልገው ነበር።

የፕሬዚዳንት ቃል ደግሞ ከደንብም የላላ ነው። ባራክ ኦባማ በ2008ቱ የምርጫ ዘመቻ አስቸኳይ ያልሆነ ሕግ ከመፈረማቸው በፊት ለ5 ቀናት ለሕዝብ አስተያየት ክፍት እንደሚያደርጉ ቃል ቢገቡም፣ የመጀመሪያውን ሕጋቸውን፣ ማለትም የእኩል ክፍያውን ሕግ፣ የተወካዮች ምክር ቤት ካጸደቀው ከ2 ቀን በኋላ ፈርመውታል። የምርጫ ቃል በፍርድ ቤት አያስጠይቅም።

ደንቡ ሊነሣ መቻሉ እርግጥ ሲሆን፣ የጊዜው ልክ ግን ምክር ቤቱ በየ2 ዓመቱ ደንቡን እንደገና ስለሚያጸድቅ ይለዋወጣል። ከ2019 በፊት የሚቆጠረው ሰዓት ሳይሆን 3 ቀን ስለነበር፣ ሰኞ ከእኩለ ሌሊት በፊት የወጣ ረቂቅ ረቡዕ ገና ሳይነጋ ሦስተኛ ቀኑን ይዞ ነበር።