የሥራ ጉዞ በባልካን ከተሞች

በባልካን ባሕረ ገብ ምድር ለሥራ የሚዘዋወር ሰው የመንገዱን ርዝመት የሚገምተው በሚያልፋቸው ኬላዎች ብዛት ነው። ከስሎቬንያዋ ሉብሊያና ተነስቶ በዛግሬብ፣ በቤልግሬድ፣ በኒሽና በስኮፕዬ በኩል የግሪኳ ተሰሎንቄ የሚደርስ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ዩጎዝላቪያ መፍረስ እስከ ጀመረችበት እስከ 1991 ድረስ የሚያልፈው ድንበር አንድ ብቻ፣ እሱም ከግሪክ ጋር የሚያዋስነው ነበር (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ያው ሹፌር በዚያው መንገድ አምስት አገሮችን ይረግጣል፤ ከአውሮፓ ኅብረት ወጥቶ መልሶ ይገባል፤ ፓስፖርቱንም በሦስት ድንበሮች ላይ ያሳያል። ነጋዴው፣ መሐንዲሱ፣ አስተርጓሚው፣ ሙዚቀኛውና የግንባታ ሠራተኛውም የሚጓዙት በዚሁ ሁኔታ ነው።

«ባልካን» የሚለው ስም ከቱርክኛ የመጣ ሲሆን በደን የተሸፈነ ተራራ ማለት ነው፤ የመንገዱንም ታሪክ የወሰነው ይኸው ተራራ ነው። ተራራው መተላለፊያ ስለማይሰጥ መንገደኛው ሁልጊዜ የወንዞችን ሸለቆ ተከትሏል፦ ከሰሜን በሳቫና በዳኑብ፣ ወደ ደቡብ በሞራቫና በቫርዳር፣ ወደ ምሥራቅ በማሪጻ። የሞራቫን ሸለቆ ይዞ ከቤልግሬድ የሚወርደው መንገድ ኒሽ ከተማ ላይ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ በስኮፕዬ በኩል ወደ ተሰሎንቄና ኤጅያን ባሕር፣ ሌላው በሶፊያ በኩል ወደ ኢስታንቡል ይሄዳል። ሮማውያን ጦራቸውን ያንቀሳቅሱበት የነበረው መንገድ፣ የኦቶማን ቱርኮች ሠራዊት የዘመተበት መስመር፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሐዲድና የዛሬው አውራ ጎዳና ሁሉም ከሞላ ጎደል አንዱ በሌላው ላይ የተነጠፉ ናቸው። ታላቁ ቆስጠንጢኖስ የተወለደው በዚህችው በኒሽ መሆኑን ያስታወሰ ሰው፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ምን ያህል ሰው እንደሚያልፍባት ለመገመት አይቸገርም።

ከአድርያቲክ ባሕር ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀው ሌላው ጥንታዊ ጎዳና ቪያ ኤግናቲያ ነው። ሮማውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው ክፍለ ዘመን የሠሩት ይህ መንገድ የዛሬዋ የአልባኒያ ወደብ ከሆነችው ከዱረስ ተነስቶ በኦህሪድ ሐይቅ አጠገብ አልፎ ተሰሎንቄን ያቋርጥና እስከ ቢዛንጥዮን፣ ማለትም እስከ ኋለኛዋ ቁስጥንጥንያ የዛሬዋ ኢስታንቡል፣ ይደርስ ነበር። ለአማርኛ አንባቢ መንገዱ እንግዳ አይደለም፤ በሐዋርያት ሥራ ላይ ጳውሎስ ከፊልጵስዩስ ተነስቶ በአንፊጶልና በአጶሎንያ አልፎ ተሰሎንቄ የደረሰው በዚሁ ጎዳና ነው። ጳውሎስ በሙያው ድንኳን ሰፊ ነበር፤ ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው መልእክትም በማንም ላይ ላለመክበድ ሌሊትና ቀን ይሠራ እንደነበር ያስታውሳቸዋል። በፊልጵስዩስ የተቀበለችው ልድያም ከትንሹ እስያ ከትያጥሮን የመጣች የከበረ ጨርቅ ነጋዴ ነበረች። ሁለቱም በዘመናችን አነጋገር የሥራ መንገደኞች ነበሩ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በኦቶማን ዘመን የመንገደኛው ኑሮ ሥርዓት ያዘ። ከተሞቹ የተቆረቆሩትና ያደጉት በገበያ፣ በመስጊድ፣ በመታጠቢያ ቤትና «ሃን» በሚባለው የነጋዴዎች ማደሪያ ዙሪያ ነበር። ሃን በአራት ማዕዘን ግቢ ዙሪያ የተሠራ ባለ ፎቅ ሕንፃ ሲሆን፣ ከብቶቹና ሸቀጡ በታችኛው ወለል፣ ነጋዴዎቹ በላይኛው ክፍሎች ያድሩ ነበር፤ የግቢው በር ሲመሽ ይዘጋል። በስኮፕዬ አሮጌ ገበያ ውስጥ ኩርሹምሊ አን፣ ካፓን አንና ሱሊ አን፣ በሳራዬቮ ደግሞ ሞሪቻ ሃን እስከ ዛሬ ቆመዋል። ማደሪያዎቹና ገበያዎቹ በአብዛኛው የሚተዳደሩት በሃይማኖታዊ በጎ አድራጎት ውርስ፣ ማለትም በወቅፍ ነበር። የሳራዬቮ መሥራች የሚባለው ኢሳ ቤግ ኢሻኮቪች በ1462 ባጻፈው የወቅፍ ሰነድ ውስጥ ለመንገደኞች የእንግዳ ማረፊያ እንዲኖር ደንግጓል፤ መንገደኛው ያለ ክፍያ ለሦስት ቀን ያርፍበት ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ እንግዳው ወይ ጉዳዩን ጨርሷል፣ ወይም ኪራይ የሚከፍልበት ሃን መፈለግ አለበት፤ የዛሬው የሥራ ጉዞ አበል ከዚህ የተሻለ ስሌት ያለው አይመስልም።

ያን ዘመን ያለ ዱብሮቭኒክ ማውራት አይቻልም። በላቲን ስሟ ራጉሳ የምትባለው ይህች ትንሽ የባሕር ዳር ሪፐብሊክ ለኦቶማን ሱልጣን ግብር እየከፈለች ነጋዴዎቿን በባልካን ከተሞች ሁሉ አሰማርታ ነበር። ከውስጠኛው አገር ብር፣ ቆዳ፣ ሱፍና ሰም ወደ ወደቡ ይወርዳል፤ ጨርቅና ጨው ደግሞ በቅፍለት ተጭኖ ወደ ተራራው ይወጣል። መንገደኛን በመጠራጠርም ቀዳሚዋ እሷ ናት፦ በ1377 የከተማዋ ምክር ቤት ወረርሽኝ ካለበት አገር የመጣ ማንኛውም ሰው ወደ ከተማዋ ከመግባቱ በፊት በአቅራቢያ ባሉ ደሴቶችና ጻቭታት በተባለች ከተማ ለ30 ቀን እንዲቆይ ደነገገ። ኳራንቲን ብለን የምንጠራው አሠራር በሕግ ሲጻፍ ከሚታወቁት ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው።

ከነጋዴው ጉዞ ጎን የድሃው ጉዞ አለ። በመቄዶንያ ተራሮች መንደሮች ውስጥ «ፔቻልባ» የሚባለው ልማድ፣ ወንዶቹ በጸደይ በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ሰሞን ቤታቸውን ትተው በግንበኝነት፣ በዳቦ ጋጋሪነትና በወተት ሻጭነት ወደ ቤልግሬድ፣ ወደ ሶፊያ፣ ወደ ቡካሬስትና ወደ ቁስጥንጥንያ መሄድን የሚያመለክት ነበር፤ ብዙዎቹ በመጸው ይመለሳሉ፣ አንዳንዶቹ ለዓመታት ይቀራሉ። ቱርኮችና አልባኒያውያን ለተመሳሳዩ ኑሮ የሚጠቀሙበት «ጉርቤት» ወይም «ኩርቤት» የተባለው ቃል ከዓረብኛ የተወሰደ ሆኖ ባይተዋርነትን ይገልጻል። ልማዱ በ20ኛው ክፍለ ዘመን አቅጣጫ ለወጠ እንጂ አልቆመም። ምዕራብ ጀርመንና ዩጎዝላቪያ በ1968 የሠራተኛ ቅጥር ስምምነት ሲፈራረሙ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ሙኒክና ወደ ሽቱትጋርት ነጎዱ። በየበጋው ወደ አገር የሚመለሱት እነዚህ ሠራተኞችና ወደ ቱርክ የሚያልፉት ጎረቤቶቻቸው የሚያጨናንቁት መንገድ፣ የዛግሬብና ቤልግሬድ ክፍሉ በ1950 የተከፈተው «የወንድማማችነትና አንድነት» አውራ ጎዳና ነበር። የተገነባው በአብዛኛው በወጣት ዘማቾች ጉልበት ሲሆን፣ ለረጅም ጊዜ ለመሄጃና ለመምጫ አንዳንድ መስመር ብቻ ስለነበረው በእንቅልፍ በተሸነፉ ሹፌሮች አደጋ ይታወቅ ነበር።

ባቡር በአንድ ወቅት የዚህ ጉዞ ንጉሥ ነበር። በ1883 ከፓሪስ የተነሳው ኦሪየንት ኤክስፕረስ መጀመሪያ ላይ ቁስጥንጥንያ የሚደርሰው በሮማኒያ ዳኑብን በጀልባ ተሻግሮ፣ በቡልጋሪያ ሌላ ባቡር ተሳፍሮ፣ ከቫርና በመርከብ ነበር፤ በቤልግሬድና በሶፊያ በኩል ያለው ሐዲድ ተጠናቆ ሳይወርዱ መጓዝ የተቻለው በ1889 ነው። ዩጎዝላቪያ በበኩሏ በ1976 ቤልግሬድን ከሞንቴኔግሮዋ የባር ወደብ ጋር አገናኘች። 476 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው ይህ ሐዲድ 254 ዋሻዎች አሉት፤ ከፖድጎሪጻ በላይ ያለው የማላ ሪዬካ ድልድይ 198 ሜትር ከፍታ ስላለው እስከ 2001 ድረስ በዓለም ከፍተኛው የባቡር ድልድይ ነበር። ዛሬ ግን የምሕንድስና ድንቁ ከጊዜ ሰሌዳው ጋር አይጣጣምም። በ2022 የተከፈተው የቤልግሬድና ኖቪ ሳድ ፈጣን መስመር ሁለቱን ከተሞች ከ40 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ሲያገናኝ፣ ቤልግሬድንና ሳራዬቮን የሚያገናኝ ባቡር ከ2012 ወዲህ የለም።

ስለዚህ የዛሬው የሥራ መንገደኛ መጓጓዣ አውቶቡስ ነው። ለአዲስ ሰው መናኸሪያው የራሱ ደንብ አለው፦ በሰርቢያ በብዙ ቦታ ከጉዞ ትኬት ሌላ ወደ መሳፈሪያው የሚያስገባ የተለየ ትኬት ይጠየቃል፤ ሻንጣን በአውቶቡሱ ሆድ ማስጫን ደግሞ ለሹፌሩ ወይም ለረዳቱ አንድ ሁለት ዩሮ ወይም ተመጣጣኝ የአገሬውን ሳንቲም ያስከፍላል። በአልባኒያና በኮሶቮ «ፉርጎን» የሚባሉት ሚኒባሶች ሲሞሉ የሚንቀሳቀሱ በመሆናቸው የአዲስ አበባ ልጅ ለመልመድ ጊዜ አይፈጅበትም። ድንበር ላይ ረዳቱ ፓስፖርቶቹን ሁሉ ሰብስቦ ለፖሊስ ይሰጣል፤ አንድ ሰው ላይ ጥያቄ ከተነሳ አውቶቡሱ በሙሉ ይጠብቃል።

የወረቀቱ ጉዳይ ከመንገዱ የበለጠ ይወሳሰባል። ክሮኤሽያ በ2023 መጀመሪያ ሸንገንን (በአባል አገሮቹ መካከል የድንበር ፍተሻ የቀረበትን ቀጠና) እና ዩሮን በአንድ ቀን ተቀበለች፤ የሮማኒያና የቡልጋሪያ የየብስ ድንበሮች ከጥር 2025 ጀምሮ ለሸንገን ተከፈቱ፤ ቡልጋሪያ በ2026 ዩሮ መጠቀም ጀመረች። ሞንቴኔግሮና ኮሶቮ የኅብረቱ አባል ሳይሆኑ ከቀድሞ ጀምሮ በዩሮ ይገበያያሉ። ሰርቢያ ዲናር፣ ሰሜን መቄዶንያ ዴናር፣ አልባኒያ ሌክ፣ ቦስኒያ ማርክ ስላላቸው የመንገደኛ ኪስ በሳምንት ውስጥ በሌላ አገር ማንም በማይቀበለው ሳንቲም ይሞላል። የኮሶቮ ማህተም የተለየ ጥንቃቄ ይሻል፦ ሰርቢያ የ2008ቱን ነፃነት ስላልተቀበለች፣ በፕሪሽቲና አየር ማረፊያ ገብቶ በቀጥታ ወደ ሰርቢያ የሚሻገር የውጭ ዜጋ ሰርቢያ የገባበት ማህተም የለህም ተብሎ ሊመለስ ይችላል፤ ልምድ ያላቸው ሰዎች በስኮፕዬ በኩል ይዞራሉ። ሰርቢያ የገባ የውጭ ዜጋም በ24 ሰዓት ውስጥ አድራሻው ለፖሊስ መመዝገብ አለበት፤ ሆቴል ይህን ራሱ ይሠራል፣ ወዳጅ ቤት ያረፈ ግን ራሱ መጨነቅ ይኖርበታል።

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ለሚጓዝ ሰው ብዙ ጊዜ መግባት የሚፈቅድ የሸንገን ቪዛ ከኅብረቱ ውጭ ወዳሉ ብዙዎቹ የአካባቢው አገሮችም ለአጭር ጊዜ ያስገባል። ወጥመዱ ያለው በመግቢያው ቁጥር ላይ ነው። የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ይዞ ከዱብሮቭኒክ ለአንድ ቀን ስብሰባ ከኅብረቱ የወጣ ሰው ቪዛውን ጨርሷል፤ ሆቴል የተወውን ሻንጣ ለመውሰድ እንኳ መመለስ አይችልም። ዱብሮቭኒክ ራሷ በኔዩም በምትገኘው ጠባብ የቦስኒያ የባሕር ጠረፍ ከቀረው ክሮኤሽያ ተነጥላ ስለነበር፣ ከዛግሬብ የሚመጣ መኪና ሁለት ጊዜ ኬላ ያልፍ ነበር፤ ይህ የቀረው 2.4 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የፔሌሻጽ ድልድይ በ2022 ሲከፈት ነው።

ንግግር ከሚፈራው በላይ ቀላል ነው። ሰርብኛ፣ ክሮኤሽኛ፣ ቦስኒያኛና ሞንቴኔግሮኛ እርስ በርስ ይደማመጣሉ፤ ልዩነቱ ብዙ ጊዜ በቃል ምርጫ ነው። ቤልግሬድ ላይ «ካፋ»፣ ዛግሬብ ላይ «ካቫ»፣ ሳራዬቮ ላይ «ካህቫ» የሚባለው ያው ቡና ነው። የሥራ ስብሰባ ያለ እሱ አይጀመርም፤ ቡናው ከመቅረቡ በፊት ወደ ዋጋ የገባ እንግዳ እንደ ችኩል ይቆጠራል፣ ይህ ደግሞ ለእኛ መገለጽ አያስፈልገውም። ቡልጋሪያ ውስጥ ግን ራስን ከላይ ወደ ታች መነቅነቅ እምቢታን፣ ግራና ቀኝ መወዝወዝ እሺታን ስለሚያሳይ ውል የሚዋዋል ሰው በቃል መልስ እንዲሰጠው መጠየቅ ይበጀዋል።

ከዚህ አካባቢ ወደ ኢትዮጵያ የተደረገ የሥራ ጉዞ ደግሞ በአዲስ አበባ መካከል ቆሞ ይታያል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 ዩጎዝላቪያን ጎበኙ፤ የዩጎዝላቪያው መሪ ቲቶ በ1955 መጡ፤ በ1961 ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በቤልግሬድ በተካሄደው የመጀመሪያው የገለልተኛ አገሮች ጉባኤ ላይ ተገኙ። ስድስት ኪሎ የሚገኘውን የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት የሠሩት ክሮኤሽያውያኑ ቀራፂዎች አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች ናቸው። ያን ጊዜ የዩጎዝላቪያ ፓስፖርት ምሥራቁንም ምዕራቡንም ያለ ብዙ ችግር ያስገባ ነበር። በ1992 የተባበሩት መንግሥታት ማዕቀብ በረራ ሲከለክል የቤልግሬድ ሰው ወደ ውጭ ለመብረር በሚኒባስ እስከ ቡዳፔስት ይጓዝ ጀመር፤ የሰርቢያ ዜጎች ያለ ቪዛ ወደ ሸንገን አገሮች መግባት የተፈቀደላቸው በ2009 መጨረሻ፣ የኮሶቮ ዜጎች ደግሞ በ2024 መጀመሪያ ነው።

ያም ፈቃድ በማንኛውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን አይበልጥም። ለቱሪስት ይህ ብዙ ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ከኒሽ ወደ ቪየና ወይም ወደ ትሪየስቴ ዕቃ ለሚያመላልስ ሹፌር ግን በመኪናው ውስጥ ተኝቶ የሚያሳልፈው ሌሊትና በወረፋ የሚቆመው ሰዓት ሁሉ ከ90ው ቀን ይቀነስበታል። ቀድሞ ቀኑ የሚቆጠረው በፓስፖርቱ ማህተሞች ነበር። ከጥቅምት 2025 ጀምሮ በየኬላው ደረጃ በደረጃ በተተከለው አሠራር ግን ቆጠራው በጣት አሻራና በኮምፒውተር ሆኗል።