የስዊች መብራት ምንድን ነው?

ባለፈው ሲመሽ በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ እየወረድኩ ሞጆን ሳልፍ ሞቀኝ። ኤሲውን ልከፍት እጄን ብሰድ ስዊቹ አይታይም። በዳበሳ ስጫን ሃዛርዱ ሆነና ፍሬቻው ግራ ቀኝ ይብለጨለጭ ጀመር። ከኋላዬ የነበረው አይሱዙ ምን ሆነ ብሎ ፍጥነት ቀነሰ።

የስዊች መብራት ማለት ከስዊቹ ጀርባ የምትሰካ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ባለ 12 ቮልት አምፖል ናት። በስዊቹ ላይ የተሳለውን ምልክት በጨለማ ከማሳየት ሌላ ሥራ የላትም፤ ብትቃጠልም ስዊቹ እንደ ወትሮው ይሠራል። ኃይል የምታገኘው ከፓርኪንግ መብራት መስመር ስለሆነ ቀን መብራት ሳታበሩ ብትፈልጓት አታገኟትም። "ኤሲው ተከፍቷል" የምትለው ጠብታ መብራት ሌላ ናት።

አዳማ አንድ ጋራዥ ብጠይቅ "ሙሉ ስዊቹ ይቀየር" አሉኝ። ዋጋው አላማረኝም። በነጋታው አንድ አዛውንት የመኪና ኤሌክትሪሺያን ጋ ሄድኩ።

"ስዊቹ ሲጫኑት ይሠራል?"

"አዎ ጋሼ።"

"ታዲያ ምኑ ነው የሚቀየረው?"

መጀመሪያ ያዩት ሌሎቹን ስዊቾች ነው። ሁሉም ጨልመው ቢሆን ኖሮ ጥፋቱ ከአምፖሏ አይሆንም፤ የዳሽቦርዱን ብርሃን መቀነሻ አንድ ሰው አዙሮት ይሆናል (መኪና አጣቢዎች ይህን ያውቁበታል)፣ ወይም ፊውዝ ተቃጥሏል። የታርጋው መብራትም አብሮ ከጠፋ ፊውዙን ጠርጥሩ። የኔ የጠፋው አንዱ ብቻ ነበር።

የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈቱ። የካቻቢቴውን ጫፍ በጨርቅ ጠቅልለው የዳሽቦርዱን ሽፋን ቀስ ብለው አላቀቁ፤ የአዳማ ፀሐይ ለዓመታት ያደረቀው ፕላስቲክ ጉልበት አይወድም። ከስዊቹ ጀርባ ያለችውን መያዣ ሩብ ዙር ሲያዞሯት አምፖሏን ይዛ ወጣች። መስታወቷ ጠቁሯል፣ ውስጧ ያለው ክር ተበጥሷል። በአንዳንድ መኪና ግን አምፖሏ ከስዊቹ ውስጥ ካለው የኤሌክትሪክ ሰሌዳ (ሰርኪት ቦርድ) ጋር የተበየደች ናት፤ እሱን ለባለሙያ ተዉት።

አሮጌዋን ልጥል ስል እጄን ያዙኝ። ብዙ አሮጌ ቶዮታ ላይ የሚታየው አረንጓዴ ብርሃን ከአምፖሏ አይደለም፣ እላይዋ ላይ ከምትጠልቅ አረንጓዴ የጎማ ቆብ ነው። ቆቧ ከጠፋች አንዱ ስዊች ለብቻው ነጭ ሆኖ ይቀራል። አዲሷን ስትገዙ አሮጌዋን ይዛችሁ ሂዱ፤ መጠኗም ዋቷም እኩል ይሁን። 1.2 ዋት ከሆነች፣ ደምቃ ትብራ ብላችሁ ተለቅ ያለ ዋት ብታስገቡ ሙቀቱ ፕላስቲኩን ሊያቀልጠው ይችላል።

እኔ ቶሎ እንዳትቃጠል ብዬ ኤልኢዲ መረጥኩ። ሰክተን ሽፋኑን ገጠምን፣ ባትሪውን አሰርን፣ መብራት አበራሁ፤ ጨለማ። ጋሼ ሳቁ። ባለክሯ አምፖል በየትኛውም በኩል ብትሰካ ትበራለች፣ ኤልኢዲ ግን ፖዘቲቭና ኔጋቲቩን ይመርጣል። ሽፋኑን እንደገና ፈተን፣ ገልብጠን ስንሰካው በራ።