ብራዚሊያን ሮዝውድ ምንድን ነው?

ሜሪላንድ የሚኖር ጓደኛዬ ባለፈው ዓመት ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን ደጃቸው ላይ ከሚሸጡበት ጋራዥ ሴል አንድ አሮጌ ቦክስ ጊታር ገዛ። ፎቶውን ላከልኝና «ተጫጭሯል፤ ብርጭቆ ወረቀት ገዝቻለሁ፤ ቅዳሜ ፍቄ ቫርኒሽ እቀባዋለሁ» አለኝ። ወዲያው ደወልኩለት። «በፈጠረህ እንዳትነካው!» አልኩት።

ያስደነገጠኝ የጊታሩ ጀርባ ነው። እንጨቱ ወደ ቀይ የሚያደላ ጥቁር ቡናማ ነው። በላዩ ላይ በቀለም የተሰመሩ የሚመስሉ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ይጥመለመላሉ። አንዳንድ ቦታ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ይጠላለፋሉ። ብራዚሊያን ሮዝውድ እንደዚህ ነው የሚመስለው።

ዛፉ የሚበቅለው በብራዚል ምሥራቃዊ ጠረፍ፣ የአትላንቲክ ደን በሚባለው አካባቢ ነው። የሳይንስ ስሙ ዳልበርጂያ ኒግራ ነው። ብራዚሎች ዣካራንዳ ይሉታል። አዲስ አበባ መንገድ ዳር ሐምራዊ አበባ የሚያረግፈው ጃካራንዳ ግን ሌላ ዛፍ ነው፤ የሚያገናኛቸው ስም ብቻ ነው። የሥጋ ዘመዱ ከተፈለገ፣ ክላርኔት የሚሠራበት ጥቁር እንጨት የዚሁ የዳልበርጂያ ወገን ነው፤ እሱ በእኛም ምዕራባዊ ቆላ ይበቅላል። ሮዝውድ የተባለው ለመልኩ አይደለም። ሲቆረጥ ጽጌረዳን የሚያስታውስ ጣፋጭ ሽታ ስላለው ነው።

የቦክስ ጊታር ፊት ብዙውን ጊዜ ከስፕሩስ ወይም ከሴዳር ይሠራል። ሁለቱም ቀለል ያሉና የጥድ ዓይነት ናቸው። ሮዝውድ የሚገባው ጀርባውና ጎኑ ላይ ነው። ለረጅም ዘመን ደህና ጊታር ሲባል ብራዚሊያን ሮዝውድ ማለት ነበር። ከ1833 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጊታር የሚሠራው የአሜሪካው ማርቲን ኩባንያም ዲ-28 በተባለው ዝነኛ ሞዴሉ ላይ የሚጠቀመው እሱን ነበር። በ1960ዎቹ ግን ብራዚል ግንዱ አገር ውስጥ ሳይሰነጠቅ እንዳይወጣ ከለከለች። ጥሩ እንጨት ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ። ማርቲንም በ1969 መጨረሻ ወደ ህንድ ሮዝውድ ዞረ። የዋጋው ነገር የተገመሰው እዚህ ላይ ነው። ያው ሞዴል፣ ያው ፋብሪካ፣ የአንድ ዓመት ልዩነት፤ ዛሬ ሲሸጡ ግን በመካከላቸው ያለው ልዩነት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? የጓደኛዬ ጊታር የማርቲን ነበር፤ ያልኩትን ልንገራችሁ። «ክሩን አላላና የስልክህን ባትሪ በድምፅ ቀዳዳው አስገባ። አንገቱ ከሳጥኑ ጋር የሚጋጠምበት ወፍራም እንጨት ላይ ቁጥር ታትሟል። አንብብልኝ።» ማርቲን ቁጥር መምታት የጀመረው በ1898 ነው። ያን ጊዜ ከ8000 ተነሣ፤ እስከ 1969 መጨረሻ 256003 ደረሰ። ጓደኛዬ ያነበበልኝ ባለ ስድስት አሃዝ ቁጥር በ24 ይጀምራል። ከሥሩ ዲ-28 ይላል። 1968 ወይም 1969 ማለት ነው። ስልኩ ላይ ጮህኩ።

ቁጥር የሌለው ወይም ስሙ የማይታወቅ ጊታር ከሆነ እንጨቱን ራሱን መጠየቅ ነው። መጀመሪያ ጀርባው አንድ ወጥ ጣውላ ይሁን ኮምፔንሳቶ ይጣራል። ከውጭ ጎላ ያለ አንድ መስመር ምረጡ። ከዚያ በቀዳዳው ወደ ውስጥ እዩና እዚያው ቦታ ላይ ፈልጉት። መስመሩ በዚያው አቅጣጫ ከወጣላችሁ ወጥ ጣውላ ነው። ውስጡ ሌላ እንጨት ከመሰለ ግን ሮዝውዱ ከላይ የተለጠፈ ስስ ልባስ ነው። በ1970ዎቹ ከጃፓን የወጡ ብዙ ጊታሮች እንዲህ ናቸው። ጥሩ ድምፅ ያላቸው አሉ፤ ዋጋቸው ግን ሌላ ነው።

ቀጥሎ መልኩ ነው። የህንዱ ወደ ሐምራዊ ያደላል፤ መስመሩም ቀጥ ቀጥ ያለ ነው። የብራዚሉ ወደ ቸኮሌትና ወደ ብርቱካናማ ያደላል፤ ጥቁር መስመሮቹም እንደልባቸው ይሄዳሉ። ማሆጋኒ የተባለው ሌላው የጊታር እንጨት ደግሞ ቀለል ያለ ቀይ ቡናማ ነው፤ ያ ጥቁር መስመር የለውም። ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቀጥ ያለ መስመር ያለው ብራዚሊያን ሮዝውድ አለ። እሱን ከህንዱ በፎቶ መለየት አይቻልም፤ የለመደ ሰው በእጁ ይዞ ማየት አለበት። በፎቶ ብቻ «ብራዚሊያን ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑ።

ድምፁስ? እኔም ለዓመታት ምሥጢሩ እንጨቱ ውስጥ ነው እል ነበር። በ2018 የወጣ አንድ ጥናት ሐሳቤን አስቀየረኝ። እንግሊዝ አገር የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከጀርባና ከጎን እንጨታቸው በቀር ተመሳሳይ የሆኑ ስድስት ጊታሮች አሠርተው ለ52 ተጫዋቾች ሰጡ። ተጫዋቾቹ እንጨቱን ማየት እንዳይችሉ ተደርገው ነው የተጫወቱት። ለድምፁ የሰጡት ነጥብ ከጊታር ጊታር ብዙም አልተለያየም። ውድ የሆነው ብራዚሊያንም ከርካሾቹ ጎልቶ አልወጣም። ስለዚህ ገንዘቡ የሚከፈለው ለብርቅዬነቱና ለውበቱ፣ ለዘመኑም ጭምር ነው። ድምፅ ብቻ የሚፈልግ ሰው በህንዱ ሮዝውድ ምንም አይቀርበትም። ይህን ለጀማሪ ተጫዋቾች ደጋግሜ እላለሁ፤ ብዙ ልጆች በማይገዙት እንጨት ሲቆጩ አያለሁና።

ብርቅዬነቱ የወሬ አይደለም። ደኑ ተጨፍጭፎ ዛፉ ለመጥፋት ስለተቃረበ ሳይትስ የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1992 እጅግ ጥብቅ በሆነው አንደኛ ዝርዝሩ ውስጥ አስገብቶታል። ከሌሎቹ የሮዝውድ ዓይነቶች የተሠራ የሙዚቃ መሣሪያ በ2019 ያለ ፈቃድ እንዲያልፍ ተደረገ። የብራዚሉ ግን አልተፈታም። ከአሜሪካ ይዞት የሚወጣ ሰው ከዚያው አገር የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ወረቀት ማውጣት አለበት። ኢትዮጵያም የስምምነቱ አባል ናት። ወረቀት ከሌለ ጊታሩ ጉምሩክ ላይ ሊወረስ ይችላል።

ብርጭቆ ወረቀቱን የከለከልኩት ለዚህ ሁሉ ነው። ዋናው ቀለም ተፍቆ እንደገና የተቀባ አሮጌ ጊታር ዋጋው እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ጭረት ዋጋ አይገድልም፤ መፋቅ ግን ይገድላል። ብራዚሊያን ሮዝውድ ደግሞ ደረቅና ተሰባሪ ስለሆነ ስንጥቅ ይወዳል። ጓደኛዬ ጊታሩን ለጠጋኝ ወሰደው። ጀርባው ላይ አንዲት ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ተገኘች፤ በኮላ ተዘጋች። የቀረው በእርጥብ ጨርቅ ተጠረገና ተተወ። ለገና አዲስ አበባ ሲመጣ የፈቃድ ወረቀቱ ስላልደረሰለት ዲ-28ቱን እዚያው ትቶ ሌላ ርካሽ ጊታር ይዞ መጣ።