በሽተኛ ለብቻው ሲተኛ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

«ለብቻው ክፍል ይግባ» ሲባል ቤተሰብ ይደነግጣል። የሚለየው ግን ሰውየው ሳይሆን ጀርሙ የሚሄድበት መንገድ ነው። ይህ ሳይገባን ስንቀር ብዙ እንሳሳታለን።

«ጓንት ካደረግሁ እጄን መታጠብ የለብኝም።»
ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው። ጓንት ለዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊኖረው ይችላል። ሲወልቅም እጅ ይበከላል። በአንድ ጓንት ከአልጋ አልጋ የምትዞር ነርስ የአንዱን ጀርም ለሌላው እያደረሰች ነው። ለእያንዳንዱ ታካሚ አዲስ ጓንት ያስፈልጋል። ካወለቁ በኋላ ደግሞ እጅ ይጸዳል፤ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ፣ በውሃና በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ።

«አልኮል ሁሉንም ይገድላል።»
አይገድልም። ክሎስትሪዲዮይድስ ዲፊሲል የሚባለው ተቅማጥ አምጪ ባክቴሪያ ስፖር የሚባል ጠንካራ ሽፋን ያለው ቅርጽ ይሠራል፤ አልኮል አይበግረውም። እዚህ ላይ እጅን በውሃና በሳሙና፣ ክፍሉን በበረኪና ነው።

«ማስክ ያው ማስክ ነው።»
ቲቢ፣ ኩፍኝና ጉድፍ በአየር ይተላለፋሉ። ስለዚህ የሳንባ ቲቢ ታማሚ ክፍል የምትገባ ነርስ ኤን 95 የሚባለው፣ ፊት ላይ ገጥሞ የምትስበውን አየር የሚያጣራ ማስክ ያስፈልጋታል። ታማሚው ከክፍሉ ሲወጣ ግን ተራው የሕክምና ማስክ ይበቃዋል፤ ሥራው ሲያስል የሚወጣውን ማስቀረት ነው።

«መስኮት ከተከፈተ ብርድ ይመታዋል።»
ታክሲ ውስጥም የምንጣላበት ጉዳይ ነው። ፍርሃቱ ይገባኛል፤ ግን የተዘጋ ክፍል ውስጥ የቲቢው ጀርም አየር ላይ ተንሳፍፎ ለሰዓታት ይቆያል። አየር የሚስብ ልዩ ክፍል በሌለበት ሆስፒታል፣ በኮሪደሩ በኩል ያለው በር ይዘጋ፤ ወደ ውጭ ያለው መስኮት ይከፈት። በሽተኛው ከበረደው ብርድ ልብስ ይጨመርለት።

«ኤች አይ ቪ ያለበት ለብቻው ይተኛ።»
በፍጹም። አብሮ በመተኛት አይተላለፍም። በደም በኩል ለሚመጣው መከላከያው ለሁሉም ታካሚ እኩል መጠንቀቅ ነው፤ ያልተመረመረ ሰው ብዙ ነውና።

«አስታማሚን ማባረር ነው መፍትሔው።»
እኛ አገር የሚያገላብጠውም፣ የሚያጎርሰውም፣ ልብሱን የሚያጥበውም አስታማሚ ነው። አንድ ሰው ብቻ ይመረጥ። በሽተኛው ለምን እንደተለየ ለአስታማሚው በቀላል አማርኛ ይነገረው። እጅ አስተጣጠቡን ነርሷ ራሷ ታሳየው፤ እሱም እፊቷ ደግሞ ያሳያት።